ጥሪውንና ምክክሩን ለለዩልን ለጋሽ ከድር

ጋሽ ከድር ባለፈው ረቡዕ ማለዳ የንጋት ሶላታቸውን ሰግደው ጋደም ባሉበት አረፉ። ወሬው የደረሰኝ ሲሬ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ ከክፍል ስወጣ ነው። ስልኬ ሲጮኽ የደም ጥሪ መስሎኝ ነበር። የደወሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰዓዳ ናቸው። «ለሊሴ፣ ጋሽ ከድር አለፉ። ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው፤ የምትደርሺ ከሆነ ድረሺ» አሉኝ። ድምፃቸው የረጋ ነበር። 

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። ነቀምቴ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤታቸው ገብታችሁ ለምታውቋቸው፣ ደም ስትሰጡ ለተዋወቃችኋቸው፣ ሰው ታሞባችሁ ድምፃቸውን በስልክ ብቻ ለሰማችሁም። ብዙዎቻችሁ ደግነታቸውን ታስታውሳላችሁ። እኔ ግን ስለ አንድ አስጨናቂ ወቅት መናገር እፈልጋለሁ። ጋሽ ከድርን በደንብ ያወቅኋቸው ያን ጊዜ ነው፤ ያወቅኋቸውም በድያቸው ነው።

ጋሽ ከድር ከጉራጌ አገር ወደ ነቀምቴ የመጡት ገና ጢም ሳያበቅሉ አጎታቸውን ተከትለው ነው። መጀመሪያ ደብተርና እስክሪብቶ ሸጡ፤ ቀጥለው በታይፕ ማመልከቻ ይጽፉ ጀመር፤ በመጨረሻ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር ያችን ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈቱ። ኦሮምኛቸው እዚያው ተወልዶ ካደገ ሰው አይለይም ነበር። ከገጠር የመጣ ገበሬ የመሬት ወረቀቱን እንዲያባዙለት ሲሰጣቸው፣ ማሽኑ ላይ ከማድረጋቸው በፊት መነጽራቸውን ሰክተው በኦሮምኛ ያነቡለታል። ወረፋ የያዘ ተማሪ ከኋላ ቢነጫነጭ «ትንሽ ታገሥ፤ የሚፈርምበትን ሳይሰማ አይፈርም» ይሉታል። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም።

የደም ነገር ያሳሰባቸው በራሳቸው ቤት በደረሰው ነው። ወይዘሮ ሰዓዳ የመጨረሻ ልጃቸውን ሲወልዱ ብዙ ደም ፈሰሳቸው። ያተረፋቸው ለሌላ ጉዳይ ሆስፒታል መጥቶ የነበረ የማያውቁት ሰው የሰጠው ደም ነው። ሰውዬው ስሙን እንኳ ሳይናገር ሄደ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ከድር መታወቂያ ኮፒ ለማድረግ የገባውን ሁሉ «የደም ዓይነትዎን ያውቁታል?» ብለው መጠየቅ ያዙ። ፈቃደኛ የሆነውን ስሙን፣ የደም ዓይነቱን፣ ከተማውንና ስልኩን በደብተር ይጽፋሉ። እኔም የተመዘገብኩት ዲግሪዬን ላስባዛ በገባሁበት ቀን ነው።

ደብተሩን ወደ ስልክ ያሻገረው ፍቃዱ ነው። ፍቃዱ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ጠንቃቃ፣ ቀጠሮ የሚያከብር፣ ቀልድ የማያበዛ ሰው። ለጋሾቹን በደም ዓይነትና በከተማ ለይቶ በኮምፒውተሩ መዘገባቸው፤ ሁላችንንም በአንድ የስልክ ግሩፕ ሰበሰበን። «ጥሪው» እንለው ነበር። ነቀምቴ ለተኛ ሕመምተኛ ደም ሲፈለግ እዚያ ይለጠፋል፤ በአካባቢው ካሉት ከተሞች፣ ከኡኬም ይሁን ከሲሬ፣ የሚመቸው ተነሥቶ ይሄዳል። ደመወዝ የለም፣ ጽሕፈት ቤት የለም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን አስታማሚ ሁሉ የሚተማመንብን ሆንን።

ችግሩ የመጣው በሐሰት ጥሪ ነው። ሰዎች ሥራቸውን ትተው፣ በመኪና ተጋፍተው ነቀምቴ ይደርሱና በተጻፈው ስም የተኛ ሕመምተኛ ያጣሉ። ይህ ደጋግሞ ሲሆን እውነተኛ ጥሪ ሲመጣም «ይሄስ እውነት ይሆን?» የሚል ሰው በዛ። ስለዚህ ፍቃዱ አንድ የለውጥ ሐሳብ አቀረበ፤ ሐኪም የሰጠው የደም መጠየቂያ ወረቀት በፎቶ ካልተላከ ጥሪ እንዳይለጠፍ። ሐሳቡን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ጥሪው ላይ ጻፈው። ሌላ የምንነጋገርበት ቦታ አልነበረንም።

እኔ ወዲያው ተቃወምኩ። ከገጠር ሕመምተኛ ይዞ የመጣ ሰው ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ከየት ያመጣል ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ደገፈኝ፣ ሌላው ነቀፈኝ። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ፣ አንዳንዱም በድምፅ እየቀዳ ይልካል። ሰው ሲመልስልኝ እኔም እመልሳለሁ። ከቤቴ ደጃፍ ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ፣ ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ፣ ፍቃዱን በምን ቃል እንደምረታው አስብ ነበር። በመሃሉ ጋሽ ከድር ደወሉ።

«ለሊሴ፣ የምትጽፊውን አቁሚ» አሉ። ሰላምታ አላስቀደሙም። «ወደ ላይ ሄደሽ አንብቢ።»

መልእክቶቹን እያለፍኩ ወደ ላይ ወጣሁ። በሁለት ሰዎች ክርክር መሃል አንዲት አጭር መስመር ነበረች። ወልዳ ደም የሚፈሳት ሴት፣ ኦ ኔጌቲቭ፣ በአስቸኳይ፤ ከዚያ የአስታማሚው ስልክ ቁጥር። ከተለጠፈች አርባ ደቂቃ አልፏት ነበር። ከሥሯ የተጻፈው ሁሉ የክርክር ነው፤ ስለ እሷ አንድ ሰው አልመለሰም። ወዲያው ከሥሯ ያለው ረጅሙ ጽሑፍ የእኔ ነበር። በላይዋ ላይ ጽፌባት ኖሯል።

«አየሻት?»

«አየኋት።»

«የሲሬዎቹን አንቺ ደውዪ። የኡኬውን እኔ እይዛለሁ» ብለው ዘጉት።

በሲሬ ኦ ኔጌቲቭ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛዋ ደም ከሰጠች ወር አልሞላትም፤ የሁለተኛው ስልክ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ሰውዬው ወደሚሠራበት ወፍጮ ቤት በእግሬ ሮጥኩ፤ ለለቅሶ ወደ ገጠር ወጥቷል አሉኝ። ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ለጋሽ ከድር ስደውል መስመራቸው ተይዟል።

ኡኬ ያለው ቶለሳ ነው። ቶለሳ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ደሙ ኦ ኔጌቲቭ በመሆኑ ለዓመታት ከማንም ቀድሞ የሚነሣ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን በእኛ ጫጫታ ተሰላችቶ የስልኩን ድምፅ ዘግቶታል። ጋሽ ከድር ደጋግመው ቢደውሉም አልሰማም። ደብተራቸውን አገላብጠው ቶለሳ ባጃጁን ከሚያቆምበት አጠገብ ያለ ሱቅ ቁጥር አገኙ። ባለሱቁ መንገድ ላይ ወጥቶ በስሙ ተጣራ። ቶለሳ ባጃጁን ለጓደኛው አስረክቦ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቁን ትቶ፣ በቆሎ የጫነ መኪና ለምኖ ተሳፈረ። ጋሽ ከድር ሱቃቸውን ለወይዘሮ ሰዓዳ ትተው ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

ሴትየዋ ተረፈች። ሐኪሞቹ በሚችሉት ሁሉ ደግፈው አቆይተዋት ነበር። ልጇም ደኅና ነው።

ጋሽ ከድር ከሆስፒታሉ በር ላይ ሆነው ለሁላችንም ጻፉ። «ልጅቱ ተርፋለች፤ አልሐምዱሊላህ። በእኛ ተረፈች ብሎ የሚያወራ እንዳይኖር፤ ከእኛ ነው የተረፈችው። ከነገ ጀምሮ እዚህ ቦታ ከጥሪ በቀር አንድ ቃል አይጻፍም።»

እውነታቸውን ነበር። እውነት መሆኑን ስላወቅኩ አፈርኩ፤ ሐፍረቴም ወደ ቁጣ ተለወጠብኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በሕይወቱ አንድ ቀን ደም ሰጥቶ የማያውቅ ሰው የሰጪዎችን አፍ ይዘጋል?»

ጋሽ ከድር ደም ሰጥተው እንደማያውቁ ብዙዎቻችን እናውቅ ነበር። እርስ በርሳችን በሹክሹክታ እናወራዋለን፤ በአደባባይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብዙ ሰው ወደደልኝ። አንዳንዱ ከዚያ የባሰ ጨመረበት። እሳቸው አስተባባሪ በመሆናቸው በአንድ ጣት ሊያጠፉት ይችሉ ነበር። ሳያጠፉት፣ ሳይመልሱም ቀሩ። በማግሥቱ ጥሪው ላይ ከጥሪና ከጥሪ መልስ በቀር መጻፍ ለአባላት ሁሉ ተከለከለ፤ ከላይ የእኔ ስድብ ቀርቷል።

ታዲያ መነጋገሩ ወዴት ይሂድ? ፍቃዱ መፍትሔ አመጣ። ጥሪውን የሚመሩት ጥቂት አስተባባሪዎች ብቻ የሚገቡበት ትንሽ ዝግ ግሩፕ ከፈተ፤ የለውጥ ሐሳብ ሁሉ እዚያ ይመከርበታል፣ ሲወሰን ለአባላት ይነገራል። ጋሽ ከድርም ተስማሙ። እዚህ ላይ ተሳስተው ነበር፤ መሳሳታቸውንም በኋላ ራሳቸው በሁሉ ፊት ተናግረዋል። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ፈርተው ነበር። ከጫጫታ ዝምታ ይሻለናል ብለው አመኑ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የፎቶው ደንብ በዚያ ዝግ ቤት ተወሰነ፤ የቀረው ለእኛ መንገር ነው።

ደንቡ ከመነገሩ በፊት ጋሽ ከድር ቶለሳን ሊያመሰግኑ ኡኬ ሄዱ። የሆነውን ከቶለሳ ነው የሰማሁት። ባጃጁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቶለሳ «አካም ጅርተኒ ኦቦ ከድር» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። ከዚያ ጋሽ ከድር ስለሚመጣው ደንብ ነገሩት። ቶለሳ አቋረጣቸው።

«የት ተመካከራችሁበት?»

«እኛ አስተባባሪዎቹ ለብቻችን።»

«የዚያች የወለደችው ሴት ባል ስልኩ ፎቶ አያነሳም። እኔ በር ላይ አይቼዋለሁ። ያን ጥሪ ያስጻፈው ከጎኑ የቆመ ሰው ለምኖ ነው። በአዲሱ ደንባችሁ ያ ጥሪ አይለጠፍም ማለት ነው?»

ጋሽ ከድር ደንቡን ከስልካቸው አውጥተው እንደገና አነበቡት።

«ማሎ፣ ኦቦ ከድር» አለ ቶለሳ፤ እባክዎን ማለቱ ነው። «ደም ሲያስፈልግ ስሜን ታውቁታላችሁ። ስትመክሩ ግን እኔ የለሁም።»

ቶለሳ እንደሚለው ጋሽ ከድር «ልክ ነህ» ብለው ወረዱ። እዚያው ቆመው ለእኔ ደወሉ። «እሑድ ነቀምቴ ነይ። ፍቃዱም ይመጣል» ብቻ ነው ያሉኝ።

እሑድ ከሲሬ ተነሣሁ። ከማኅበሩ የሚያባርሩኝ መስሎኛል። ሱቁ ስደርስ ጋሽ ከድር ለሶላት ወጥተዋል፤ ወይዘሮ ሰዓዳ ከማሽኑ አጠገብ ቆመው ለአንድ ተማሪ ወረቀት ያባዛሉ። ተማሪው ሲወጣ ወንበር ሰጡኝ።

«የጻፍሽውን አነበበው» አሉ፤ እጃቸው ወረቀት ያስተካክላል። «ሁለት ጊዜ ሊሰጥ ሄዶ ሁለት ጊዜ መልሰውታል። የልብ ሕመም አለበት። እንዳትናገሪ ይለኛል። መታመሜን ካወቁ አስቸግረነው ይሆናል እያሉ መደወል ይተዋሉ ነው የሚለው።»

ጋሽ ከድር ሲገቡ ተነሣሁ።

«ጋሽ ከድር፣ ስለጻፍኩት ነገር ይቅርታ ያድርጉልኝ። አላውቅም ነበር።»

ባለቤታቸውን አንድ ጊዜ አዩአቸው፤ ከዚያ ተቀመጡ። «ብታውቂ ኖሮ ዝም ልትይ ነበር?» አሉኝ። «አፋችን ለምን ይዘጋል ነው ያልሽው። እሱ ትክክል ነበር። ያንን ይዤዋለሁ፤ የቀረውን ግን ትቼዋለሁ፤ አንቺም ተዪው።»

«ለምን አላጠፉትም?»

«ያንቺን ባጠፋ ቶለሳ ፊት ለፊት የነገረኝን አይነግረኝም ነበር።»

ፍቃዱ በቀጠሮው ሰዓት ገባ። ጋሽ ከድር የኡኬውን ነገር አንድ በአንድ ነገሩትና ዝጉ ቤት መፍረስ አለበት አሉ። ጥሪው ለጥሪ ብቻ ይሁን፤ ለምክክር ግን ማንም አባል የሚገባበት ሌላ ግሩፕ እንክፈት አሉት። ፍቃዱ እስከ መጨረሻው አዳምጦ ተናገረ። ሲናገር አይቆጣም፤ ለዚህ ነው የሚከብደው።

«ጋሽ ከድር፣ ሁሉ ሰው ሲያወራ ምን እንደሆነ አይተናል። ሴትየዋ ልትሞት ነበር።»

«ጥሪው ላይ ስላወራን ነው። ቦታው ይለያል እያልኩህ ነው።»

«እሺ ይለይ። ክፍት አደረጉት እንበል። ማን ያነበዋል? ቶለሳ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ ነው፤ ኡኬ ኔትወርክ ሲጠፋ ለቀናት ይጠፋል። የሚጽፈው ጊዜ የተረፈው ሰው ነው። እንደ ለሊሴ ያለ ቃል የሚያውቅ ሰው ነው። የጮኸ ያሸንፋል። ዝግ ቤት ውስጥ ቢያንስ የሚጠየቅ ሰው ይታወቃል።»

አየኝ። አንዲት ሴት ገብታ የልጇን የልደት ወረቀት ላሚኔት እንዲደረግላት ሰጠቻቸው፤ ጋሽ ከድር ተነሥተው ቀስ ብለው ሠሩላት። ሴትየዋ ስትወጣ፣

«ያልከው እውነት ነው» አሉ። «መልስ የለኝም። መልስ ስለሌለኝ ነው ሁሉም ይስማው የምልህ።»

ፍቃዱ ቦርሳውን አነሣ። «እንግዲያውስ ዝርዝሩ እኔ ጋ ይቆያል። ዓመታት የፈጀሁበት ነው። የሰዎቹን ስልክ ለጫጫታ አላስረክብም።»

እኔ ልናገር ስነሣ ጋሽ ከድር በእጃቸው አስቀመጡኝ። «አስገድጄ አልወስድብህም» አሉት። «ስማቸውን ሲሰጡን ለምን እንደሰጡን ግን አንተም ታውቃለህ።» ፍቃዱ ወጥቶ ሄደ። በዚያው ዕለት ከአስተባባሪነቱ ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት በማኅበራችን ታሪክ ከሁሉ የከበዱ ናቸው። ጥሪ ከመጣ በደም ዓይነት የተለየ ዝርዝር በእጃችን የለም። ያለን የጋሽ ከድር ደብተር ነው፤ ግማሹ ስልክ ተቀይሯል። ማክሰኞ ዕለት ለአንድ አዛውንት ኤ ኔጌቲቭ ተፈለገ። ከክፍል ወደ ክፍል በምሄድባቸው ደቂቃዎች ደወልኩ፤ ጋሽ ከድር በበኩላቸው ደወሉ። ሰው የተገኘው ሁለታችንም ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ነው። ጋሽ ከድር ደውለው «ተገኘ» ሲሉኝ ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ነበር። ስለ ልባቸው ስለማውቅ እንዲያርፉ ለመንኳቸው። «እሺ» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በዚያው ሳምንት ክፍቱን ግሩፕ ከፈቱ። «ምክክር» አሉት። መጀመሪያ የለጠፉት ጥያቄ የፎቶውን ደንብ የሚመለከት አልነበረም። «ስለ ለውጥ ሐሳብ የት እንነጋገር?» የሚል ነበር። ሦስቱንም መንገድ ጻፉ፤ እንደ ድሮው ጥሪው ላይ፣ በአስተባባሪዎች ዝግ ቤት፣ ወይም እዚህ በክፍቱ ቦታ። ከመለጠፉ በፊት እንዳነበው ላኩልኝ። የዝጉን ቤት ጥቅም የጻፉበትን ክፍል ሳነብ ደነገጥኩ። ፍቃዱ ሱቁ ውስጥ የተናገረው ሁሉ በስሙ በአክብሮት ሰፍሯል፤ ራሱ ከተናገረው ይልቅ ተቃንቶ።

ደወልኩላቸው። «ጋሽ ከድር፣ ይሄ እኮ ሰውን ወደ ፍቃዱ ሐሳብ ይወስዳል።»

«ይውሰዳ» አሉ። «ፍቃዱ እዚህ የለም። የሌለ ሰው ሐሳብ ተጎሳቁሎ መቅረብ የለበትም።»

ጥያቄው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ድረስ ተለጥፎ ቆየ። ኔትወርክ የጠፋበት ሰው ሲመለስለት እንዲያነብ ብለው ነው ሙሉ ሳምንት ያደረጉት። ጥሪው ላይ አንዲት መስመር ብቻ አስቀመጡ፤ ምክክር ላይ ጥያቄ አለ የምትል። ኢንተርኔት የሌለው ሰው ሱቁ ስልክ ይደውላል፤ እሳቸውም የተናገረውን ቃል በቃል ጽፈው ይለጥፉለታል። ሌላው ቀርቶ «እናንተ የከተማ ሰዎች ወሬ ትወዳላችሁ» ያለውን ሰው እንኳ እንዳለ ጽፈውታል። ምክክሩን የመጠበቅ ኃላፊነት የተሰጠው ለእኔ ነበር፤ ስድብን ለይቼ እንዳስጠነቅቅ፣ ሐሳብ ግን እንዳላጠፋ። ያን ኃላፊነት ለምን ለእኔ እንደሰጡኝ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ቶለሳ ከኡኬ በስልክ ያለው ይህ ነው፦ «ፍቃዱ ያለው ስለ እኔ እውነት ነው፤ ቀኑን ሙሉ አላነብም። ሳምንት ከሰጣችሁኝ ግን አነባለሁ።»

የሳምንቱ አርብ ከሰዓት በኋላ ፍቃዱ ሱቁ መጣ። ያን ቀን እኔ አልነበርኩም፤ የነገሩኝ ወይዘሮ ሰዓዳ ናቸው። ባንኮኒው ላይ ፍላሽ አስቀመጠ። «ዝርዝሩ ነው» አለ። ቆየት ብሎ፣ «የእኔን ሐሳብ እንደዚያ አድርገው ይጽፉታል ብዬ አልጠበቅኩም» አለ። ጋሽ ከድር «ያልከውን ነው የጻፍኩት» አሉት። ሻይ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቁት፤ አልጠጣም ብሎ ሄደ።

ክፍቱ ቦታ በብዙ ድምፅ ጸደቀ። ፍቃዱ ለሁለት ወር ያህል አንድ ቃል አልጻፈም። ሲመለስም የመጣው በተቃውሞ ነው፤ ጋሽ ከድር ራሳቸው ያቀረቡትን አንድ ሐሳብ ነቅሶ ነቅሶ ጣለው። ጋሽ ከድር ከሥሩ «እንኳን ደኅና መጣህ። ሁለተኛው ነጥብህ ረትቶኛል፤ ሦስተኛውን አብራራው» ብለው ጻፉለት። የፎቶው ደንብም ምክክር ላይ ወጥቶ መልኩን ቀየረ። ፎቶ ያለው ይላክ፤ የሌለው ሰው ይደውል፣ ነቀምቴ ያለ አባል አልጋው ድረስ ሄዶ አይቶ ያረጋግጥለት ተባለ። አልጋው ድረስ ከሚሄዱት አንዱ ጋሽ ከድር ነበሩ። ደረጃ ሲወጡ ግድግዳ እየደገፉ፣ በየፎቁ ቆም እያሉ፣ «ማነው ደም የፈለገው?» ብለው ይገባሉ። የሐሰት ጥሪ ጨርሶ ጠፋ ማለት እችላለሁ።

የልብ ሕመማቸውን በመጨረሻ ራሳቸው ጻፉት። አንድ አዲስ አባል ዳግመኛ «እርስዎስ መቼ ሰጡ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ እኔ ልመልስለት ስል ቀደሙኝ። «ሐኪም ከልክሎኝ ነው። መስጠት የምትችሉትን እናንተን ሳይ ደስ ይለኛል» አሉት። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቃቸውም።

ረቡዕ ዕለት ነቀምቴ ስደርስ አስከሬናቸው ከቤት ሊወጣ ነው። እንደ ወጉ እኔ ከሴቶቹ ጋር ከወይዘሮ ሰዓዳ ዘንድ ቀረሁ። ከተሸከሟቸው መካከል ፍቃዱንና ቶለሳን በመስኮት አየሁ፤ ቶለሳ ጫማው ጭቃ ነው፣ ከኡኬ እንዴት እንደደረሰ እግዚአብሔር ይወቅ። ፕሮቴስታንቱም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም መንገዱን ሞልቶታል። ከሙአዚኑ ድምፅ በቀር ከተማው ጸጥ ብሎ ነበር።

ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። ስለ ሞታቸው ጥሪው ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ጋሽ ከድር ማረፋቸውንና ለሐዘን መግለጫ ወደ ምክክር እንድንሄድ የሚል። ከሥሩ ቢ ፖዘቲቭ የሚፈልግ ጥሪ አለ፤ ከጥሪው ሥር «እኔ መንገድ ላይ ነኝ» የሚል መልስ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል ከአባላቱ አንድ ሰው እንኳ በጥሪው ላይ አላለቀሰም። የማያውቀን ሰው ቢያየው ጨካኞች ነን ይል ይሆናል። እኔ ግን ያን ሳይ ነው እንባዬ የመጣው።

ጋሽ ከድር፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ምክክር ላይ አንድ ሐሳብ ተለጥፏል። ማኅበሩ በስምዎ ይጠራ ይላል። ያቀረበው ፍቃዱ ነው። ቶለሳ ደውሎ ተቃውሟል፤ የማንም ስም ሲሆን የማንም ንብረት ይመስላል ብሏል፤ እንዳለው ጽፌለታለሁ። እኔም ተቃውሜያለሁ፤ እርስዎ እንደማይወዱት ስለማውቅ። ፍቃዱ ያቀረበው ምክንያት ግን ጥሩ ነው፤ ምናልባት ያሸንፈን ይሆናል። ካሸነፈ ይቅር ይበሉን፤ በሚገባ ተነጋግረንበት ነው። ጥያቄው እስከ መጪው ቅዳሜ ክፍት ነው፤ ከዚያ በፊት አንዘጋውም። ደኅና ይረፉ፣ ጋሽ ከድር።